እታለም የተጠራች ጊዜ

አክስቴ ልትሞት እንደሆነ የሰማሁት ከእናቴ የስፌት መኪና ሥር ቁጭ ብዬ ስፒል ስለቅም ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ የፊተኛዋ ክፍል ውስጥ ልብስ ስለምትሰፋ ወለሉ ከስፒልና ከክር ቁርጥራጭ ጸድቶ አያውቅም። በገመድ የታሰረች ማግኔት ሰጥታኝ እሷን እየጎተትኩ ስፒሉን መልቀም የእኔ ድርሻ ነበር። ሥራው የተፈጠረልኝ አርፌ እንድቀመጥ መሆኑ የገባኝ ራሴ ልጅ ስወልድ ነው። ያኔ ግን ያለ እኔ ቤቱ አንድ ቀን የሚያድር አይመስለኝም ነበር።

እታለም ገባች። እታለም የምላት የእናቴን ታናሽ እህት ነው። ከታች የሚታየኝ እግሯ ብቻ ነበር፤ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ጌታ ጠርቶኛል» አለች። «እስከ መቼ እምቢ እላለሁ?»

የመኪናው መዘውር ቆመ።

«አሁን? አባባ እንዲህ ሆኖ?» አለች እናቴ።

«አባባ ያውቃል። ነግሬዋለሁ።»

«ልጅቷስ? እሷን ምን ልበላት?»

«ለጊዜው ምንም አትበያት። ቀኑ ሲደርስ እኔው እነግራታለሁ።»

የእናቴ እግር ከፔዳሉ ወረደ፤ ተነሥቶ ወደ እታለም እግር ሄደ። አራቱ እግሮች ተጠጋግተው ቆሙ። ከላይ አፍንጫቸውን ሲስቡ ይሰማኛል።

ጌታ የጠራው ሰው ምን እንደሚሆን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ግድግዳ የምንጋራው አናጢ ጠዋት መዶሻውን ይዞ ወጥቶ ከሰዓት በሰው ትከሻ ተመለሰ። የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ «ጌታ ጠራው» አሉኝ። እናቴ ለሳጥኑ ውስጠኛ ክፍል ነጭ ጨርቅ ሰፋች። ፎቶው ጎላ ተደርጎ ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ቆመ። ጫማውና ኮቱ ለሰው ተሰጠ። በቃ፣ መጠራት ማለት ለእኔ ይህ ነበር።

እታለም ያለችን ደግሞ አንድ ናት። አያቴ፣ ሁላችንም አባባ የምንለው፣ ሠላሳ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ቀኝ ጎኑ ከዳው። እኔ ያኔ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ቆሞ ሲሄድ አላስታውሰውም። ከዚያ ወዲህ የምታጥበው፣ የምታበላው፣ በየሦስት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን የምታገላብጠው እታለም ናት። አፉም ወደ አንድ ወገን ተጣሞ ስለነበር ቃላቱ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ነው የሚወጡት። የሚገቡትም ለእሷ ብቻ ነው። «ምን አለ?» የቤታችን የዘወትር ጥያቄ ነበር፤ መላሿ እታለም። አንዳንዴ እሱ ሁለት ቃል ተናግሮ እሷ አራት ዓረፍተ ነገር ስትነግረን እናቴ «አንቺ እኮ ምራቂ ታበዣለሽ» ትላት ነበር።

እኔና እታለም የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው። ያን ነገር ከሰማሁ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከእሷ ቀድሜ እየነቃሁ ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን አያለሁ። ከፍ ካለ እፎይ ብዬ ተመልሼ እተኛለሁ።

ያኔ የማላውቀውን ነገር ልንገራችሁ። አባባ የወደቀበት ሳምንት እታለም ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ልትሠለጥን ሻንጣዋን ዘግታ የነበረችበት ሳምንት ነው። ሻንጣው ተከፈተ፤ ልብሱ ወደ ቁም ሣጥን ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንም ትንፍሽ አላለም። አራት ዓመት አለፈ። ቤተ ክርስቲያኗም በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ባለ ቦታ፣ አልጋ ላይ ለቀሩና ወገን ለሌላቸው ሕሙማን ቤት ከፈተች። ሥራውን የምትመራው ነርስ፣ ሁሉም ሰው «ሲስተር» ብቻ የሚላት፣ እታለምን ፈልጋ አስጠራች። የሦስት ወር ሥልጠና በየጠዋቱ ክሊኒክ፣ ከዚያ ጉዞ። ነገሩ ይኸው ነበር።

እኔ የማየው ግን አክስቴ በየጠዋቱ ክሊኒክ ስትሄድ ነው። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ክሊኒክ ምን ያደርጋል?

አንድ ቀን ሲስተር ራሷ ቤታችን መጣች። ፀጉሯ የሸበተ፣ ሰው ስታይ መጀመሪያ እጁን የምታይ ሴት ነበረች። አባባ አልጋ አጠገብ ወንበር ይዛ ተቀምጣ እታለም ስታገላብጠው ዝም ብላ ተመለከተች። እታለም አንድ ክንዷን በትከሻው ሥር ሰደደች፤ ጉልበቱን አጠፍ አደረገች፤ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አለችው። አባባም ልክ በር እንደሚዞር ቀስ ብሎ ዞረ።

ሲስተር ጀርባውን ገልጣ አየች።

«አራት ዓመት ተኝተው አንድም ቁስል የለባቸውም» አለች። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። መጀመሪያ መጀመሪያ በጣም አሳምመው ነበር። ይቆጣኛል፤ እማራለሁ።»

«እንግዲያው አንቺ ትምህርትሽን ጨርሰሻል፣ ልጄ። ከእኛ ዘንድ የሚቀርሽ የመድኃኒቶቹ ስም ነው።»

በሩ ሥር ቆሜ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «ጨርሰሻል» የምትለዋን ብቻ ነው። ከዚያ አባባ ተናገረ። ረዘም አድርጎ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ተናገረ። እታለም አንገቷን ደፋች።

«ምን አሉ?» አለች ሲስተር።

እታለም የብርድ ልብሱን ጠርዝ እያስተካከለች «‹ውሰጃት› ነው የሚለው» አለች።

ያን ቀን አባባን ጠላሁት። በገዛ ልጁ ላይ ሞት ሲፈርድ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የባሰውን ያየሁት ደግሞ በሳምንቱ ነው። እታለም ክሊኒክ ሄዳለች፤ እናቴ መኪናዋ ላይ ናት። በአባባ ክፍል በር ክፍተት አጮልቄ ስመለከት ትራሱን ተደግፎ፣ ደረቱ ላይ ፎጣ ዘርግቶ፣ በግራ እጁ ማንኪያ ይዟል። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የቀዘቀዘ ገንፎ አለ። ማንኪያውን አነሣ፤ አገጩ ላይ ደፋው። እንደገና አነሣ፤ ጆሮው ሥር ደረሰ። ሦስተኛው አፉ ገባ። እኔን ሲያይ ደነገጠ። ግራ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «አት-ና-ገሪ» አለኝ። ያቺን ቃል ያለ አስተርጓሚ ሰማኋት።

ለካ ይችላል። በእጁ መብላት እየቻለ ነው እታለምን በቀን ሦስቴ አጠገቡ እያስቀመጠ የሚያደክማት። ውሸታም ሽማግሌ ብዬ በሆዴ ሰደብኩት። ለሰውም አልተናገርኩም፤ የተናገርኩ እንደሆነ እሷ ላይ የባሰ ነገር የሚያመጣ መሰለኝ።

ከዚያ ምልክቶቹ እየተከታተሉ መጡ። እታለም ፀጉሯን አበጥራ ፎቶ ቤት ሄደችና አራት ጉርድ ፎቶ ይዛ ተመለሰች። ቡናማ ጫማዋን ለአናጢው ሚስት ሰጠች። ኮቷን እናቴ እየሞከረች «ለእኔ ይጠበኛል» ብላ አለቀሰች፤ በኮት ጥበት የሚያለቅስ ሰው እንደሌለ በዚያ ዕድሜዬም አውቃለሁ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የስፌቱ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘረጋ።

«ለማን ነው?» አልኳት እናቴን።

«ለእታለም።»

«መቼ ነው የምትለብሰው?»

እናቴ አፏ ውስጥ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣች።

«ስትሄድ» አለች።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። አናጢው እንኳ የተቀበረው ጨርቁ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ካላለቀ መሄድ የለም። በሦስተኛው ቀን እናቴ ቁልፍ ልትገዛ ወጣ ስትል፣ እንዳልነካው የተከለከልኩትን ትልቁን መቀስ አወረድኩ። መቀሱ ስለሚከብድ በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። ነጩን ልብስ ከታች ጀምሬ እስከ ወገቡ ተረተርኩት፤ ከዚያ እጅጌውን። ጨርቁ ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ አስፈራኝና መቀሱን ጥዬ ሮጥኩ። የተደበቅኩት የማልወደው ሰው አልጋ ሥር ነበር፤ ማንም እዚያ ይፈልገኛል ብዬ አላሰብኩም።

እናቴ ስትመለስ የጠበቅኩት ጩኸት አልመጣም። ወንበር ሲሳብ ብቻ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ እታለም ከክሊኒክ ገባች፤ በሹክሹክታ ተነጋገሩ፤ የእታለም እግር ቀጥታ ወደ አልጋው መጣ። ተንበረከከችና ጎንበስ ብላ አየችኝ።

«ሚጣዬ፣ ለምን ቆረጥሽው?»

«እንዳትሞቺ።»

አልሳቀችም። እየተሳበች አልጋው ሥር ገባችና አጠገቤ ተጋደመች። ከበላያችን የአባባ ክብደት ሽቦውን አጉብጦታል፤ አፍንጫዋን ሊነካት ምንም አልቀረውም።

«እሞታለሁ ያለሽ ማነው?»

«አንቺ። ጌታ ጠርቶኛል ብለሻል። አናጢውንም ጠርቶታል።»

ወደ እኔ ዞረች።

«እናትሽ ስትጠራሽ ለምንድን ነው የምትጠራሽ?» አለችኝ።

«ለምሳ። ሳጠፋ ለመቅጣት። አንዳንዴ ሱቅ ልትልከኝ።»

«እኔንም የጠራኝ ሊልከኝ ነው። ሩቅ አገር እንደ አባባ የተኙ ሰዎች አሉ። የሚያገላብጣቸው የለም።»

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«አባባንስ ማን ያገላብጠዋል?»

ይህን የጠየቅኩት ለአባባ አዝኜ አልነበረም። ክርክር ለማሸነፍ ነው። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ እየተሳበች ወጣችና ልብሷን አራገፈች።

«ልክ ናት» አለች እናቴን። «አልሄድም። ለሲስተር ነገ እነግራታለሁ።»

ያሸነፍኩ መሰለኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ እታለም የነገረችኝ ሌላ ነው። «ጨርቁ ተቀዶ ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ዕረፍት ነው» አለችኝ። «ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰው ‹አትሂጂ› እንዲለኝ ስለምን ነበር። ሰው ሁሉ ‹የጌታ ፈቃድ ነው› እያለ ይሸኘኛል፤ እኔ ደግሞ ፈርቻለሁ። አንቺ ምክንያት ሰጠሽኝ፤ ወዲያው ጨበጥኩት።»

አልጋው ሥር የተነጋገርነውን ሁሉ አባባ ከላይ ሆኖ ሰምቶ ነበር። በግራ እጁ የአልጋውን ብረት መታ። ደግሞ መታ። እኔ ከሥሩ ጆሮዬን ደፈንኩ።

«ምን ፈልጎ ነው?» አለች እናቴ።

«ራበኝ ነው የሚለው» አለች እታለም።

እናቴ የምስር ሾርባ አመጣች። እታለም እንደ ልማዷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ማንኪያውን ልታነሣ እጇን ዘረጋች። አባባ ቀደማት። በግራ እጁ ማንኪያውን ያዘ፤ አያያዙ ሕፃን እርሳስ እንደሚይዝ ነው። እኔ ከአልጋው ሥር ወጥቼ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

የመጀመሪያው ማንኪያ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛው ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ግማሹ የለም። እታለም ተነሣች፤ እናቴ ክንዷን ያዘችና መልሳ አስቀመጠቻት። ሦስተኛው ገባ። አራተኛው ገባ። አምስተኛው አንገቱ ላይ ወረደ፤ እሱ ግን አላቆመም። ማንኪያው ሳህኑን ሲጭር ብቻ ይሰማል። ሾርባው እስኪያልቅ ድረስ ቆመን አየነው፤ ምናልባት ግማሽ ሰዓት ፈጅቷል። ሲጨርስ በፎጣው አፉን ጠረገ፤ ያልቆሸሸውን ወገን ነበር የጠረገው። ከዚያ እታለምን አይቶ ተናገረ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

እታለም እያለቀሰች ስለነበር አልመለሰችም።

«አይቼዋለሁ» አልኩ እኔ። «ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ነው የሚያደርገው። አትናገሪ ብሎኛል። እየዋሸ መስሎኝ ነበር።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ከዚያ ወደ አባቷ። ጠዋት ጠዋት ትታለት የምትሄደው ገንፎ ለምን አልጋው ላይ እንደሚፈስ ሁልጊዜ ግራ ይገባት እንደነበር የነገረችኝ በኋላ ነው። ክሊኒኩ እታለምን ባሠለጠነበት ሦስት ወር እሱም እቤት ሆኖ ሲሠለጥን ከርሟል። እኔ ሐሰት ብዬ የያዝኩት ሥራ ነበር፤ ልጁን ለመላክ የሚሠራው ሥራ።

«ማገላበጡስ?» አለች እታለም በመጨረሻ። «መብላቱ ይሁን። ማገላበጡን ማን ይችላል?»

«እኔ» አለች እናቴ። «ሲያቅተኝ የአናጢው ሚስት አለች። እስቲ ልርዳችሁ ማለት ከጀመረች ስንት ጊዜዋ ነው? አንቺ ነሽ ለሰው ቦታ የማትለቂው። አባባ እኮ ለእኔም አባቴ ነው።»

እናቴ እንዲህ ስትናገራት ሰምቼ አላውቅም። እታለም ወለሉን ስታይ ቆየች። ከዚያ «በግራ ጎኑ ስታዞሪው ትከሻውን አትሳቢ፤ ያመዋል» አለች።

«አሳዪኝ» አለች እናቴ።

ያን ሳምንት ሁሉ ቤታችን ማሠልጠኛ ሆነ። እናቴ አገላበጠች፤ አባባ ተቆጣ፤ የአናጢው ሚስት ተማረች። ቀልድ ታውቃለች፤ አባባን «እስቲ አሽከርካሪው፣ ወደ ቀኝ ይታጠፉልን» ስትለው ያ የተጣመመ አፉ ሊስቅ ሲሞክር አየሁ። እኔ ውኃ የማቀበል ሥራ ተሰጠኝ። ውኃ ሳቀብለው የሚለኝን ለመስማት ጆሮዬን አፉ አጠገብ አደርጋለሁ፤ ከአሥር ቃል አንዷን፣ ቆይቶም ሁለቷን መለየት ጀመርኩ። እናቴም የቀደድኩትን ነጭ የክሊኒክ ጋውን መልሳ ሰፋችው፤ ስፌቱ ላይም ሁለት ሰፋፊ ኪስ ለጠፈችበት።

የሄደችበት ጠዋት ሲስተር በመኪና መጣች። ሻንጣዋ ወጣ። እታለም እናቴን ተሰናበተች፤ እኔን አንሥታ ሳመችኝ፤ ከዚያ ወደ አባባ ክፍል ገባች። ሁላችንም ተከትለን በሩ ላይ ቆምን። ራሱን ችሎ ፊቱን ታጥቧል፤ ፀጉሩ ውስጥ ሳሙና ቀርቶ ነበር። እታለም አጎንብሳ እጁን ስትይዘው አፉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ነገር ተናገረ። አጭር ነበር።

«ምን አሉ?» አለች ሲስተር።

እታለም መናገር አልቻለችም። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ሰው እሷን ይጠብቃል፤ እሷ ግን ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ሰምቼዋለሁ። ከቃሉ መካከል «ቅር» የምትል ድምፅ ነበረች።

«‹እንዳትቀሪ› ነው ያለው» አልኩ።

እናቴ በእጇ አፏን ያዘች። ሲስተር «እግዜር ይስጥልን፣ አባታችን» ብላ አንገቷን ዝቅ አደረገች። እታለም ፊቷን አንገቱ ውስጥ ቀብራ የሆነ ነገር አለችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ወደ ኋላ ሳትመለከት ወጣች። እኔ የመጀመሪያዬን ትርጉም በትክክል በመተርጎሜ ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፣ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር፣ በቤታችን «ምን አለ?» ሲባል መላሿ እኔ ሆንኩ።

እታለም እዚያው የሕሙማኑ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አገለገለች። አሥራ አንዱ ሰዎች ሞተው ሌሎች መጡ፤ እነሱም ሞተው ሌሎች መጡ። ባለፈው ዓመት ልጠይቃት ሄድኩ። አሁን የምታገላብጠው የለም፤ ወጣቶቹን ታስተምራለች። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስናወራ ያን ጠዋት አነሣሁባት። በሠራው የሚኮራ ሰው እንደሚያወራው ነበር ያወራሁት፦ እሷ እያለቀሰች መናገር ማቃቷን፣ እኔ ሰምቼ መተርጎሜን፣ ሁሉም በዚያች አንዲት ቃል መሸኘታቸውን።

ጨርሼ ስመለከታት ዓይኗ ግቢው ላይ ነበር።

«እንዳትቀሪ አላለም» አለችኝ።

«ምን አለ ታዲያ?»

«‹ይቅር በይኝ› ነው ያለው። አራት ዓመት ስለያዘኝ።»

አንዲት የተቀጠቀጠች ቃል ሰምቼ፣ አንድን ሽማግሌ ያላለውን አስብዬ፣ አክስቴን የሁለት ቀን መንገድ ልኬያታለሁ።

«ለምን አላረምሽኝም?»

«ምን ብዬ? ክፍሉ ሙሉ ሰው ቆሟል። እሱም ሰምቶሻል እኮ። አንቺ ‹እንዳትቀሪ ነው ያለው› ስትይ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። አዎ፣ እሱንም ጨምሪበት የሚል ይመስል ነበር።»

«አንገቱ ላይ ተደፍተሽ የሆነ ነገር ብለሽው ነበር። ምን አልሽው?»

እታለም ፈገግ አለች።

«‹እሺ› አልኩት» አለች። «ለሁለቱም የሚሆን መልስ እሱ ብቻ ነበር።»